የግል ትንሽ አውሮፕላን፦ ባለቤትነት፣ ጥገናና በመሣሪያ መብረር (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቁኝ አውሮፕላን ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎችና ገዝተው ገና ከደመና ጋር ያልተዋወቁ ባለቤቶች ናቸው። ጥገናውንና በረራውን ለያይቼ አልመልስም። ደመና ውስጥ ስንገባ የምናምነው መርፌዎቹን ነው፤ መርፌዎቹ እውነት እንዲናገሩ የሚያደርገው ደግሞ ከሳምንታት በፊት ሀንጋር ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የደንብ ቁጥሮች የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚሠራባቸው ናቸው። እርስዎ የሚበሩበት አገር ደንብ ከተለየ በዚያ ይሂዱ።

በመሣሪያ መብረር ማለት ምን ማለት ነው? ለምንስ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል?

በጠራ ሰማይ የሚበር ሰው ክንፉን የሚያስተካክለው አድማሱን እያየ ነው። ደመና ውስጥ አድማስ የለም፤ ያን ጊዜ ሰውነት የራሱን ወሬ ማውራት ይጀምራል። በጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ያሉት ፈሳሽ የያዙ ቦዮች የሚነግሩን ዙር ሲጀምርና ሲቆም ብቻ ነው። ዙሩ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ጥቂት ከቆየ ፈሳሹ ከቦዩ እኩል መዞር ስለሚጀምር ስሜቱ ይጠፋል። አውሮፕላኑ እየዞረ እኛ ቀጥ ብለን የምንሄድ ይመስለናል። ክንፉን ስናቃና ደግሞ ወደ ሌላው ወገን የዞርን ስለሚመስለን መልሰን ወደ መጀመሪያው ዙር እንገፋዋለን። አፍንጫው ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አብራሪው ደንግጦ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ክንፉ እንዳዘነበለ ስለሆነ መሳቡ ዙሩን ያጠብቀዋል እንጂ አያወጣውም።

እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሣሪያ ሥልጠና የሌላቸውን 20 ሰዎች ውጭ እንዳያዩ አድርገው አስበሯቸው። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ እስከዚያ የቆዩት በአማካይ 178 ሰከንድ ነበር። ሦስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። ደመና የግድ መኖር የለበትም፤ ጨለማ ሌሊት፣ ጭጋግና ከሥር ውሃ ከተገናኙ ያው ናቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1999 ከሁለት ሰዎች ጋር ሕይወቱን ያጣው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው፤ የመሣሪያ ሬቲንግ (በመሣሪያ ለመብረር የሚሰጠው ተጨማሪ ፈቃድ) አልነበረውም።

መፍትሔው ከተገኘ ግን ቆይቷል። አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ዱሊትል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 ኮክፒቱ ተሸፍኖበት፣ ውጭውን ምንም ሳያይ ተነሥቶ፣ ዞሮ አርፏል። ከፊቱ ሌላ አብራሪ ለጥንቃቄ ተቀምጦ ነበር፣ መሪውን ግን አልነካም። ዱሊትል ያን ቀን የተጠቀመባቸው ሰው ሠራሽ አድማስ (የክንፉንና የአፍንጫውን ዝንባሌ የሚያሳይ)፣ የጃይሮ (በፍጥነት በሚሽከረከር ጎማ የሚሠራ) አቅጣጫ አመልካችና ትክክለኛ የከፍታ መለኪያ ዛሬም በእኛ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ አሉ። ሥልጠናው የሚያስተምረው ሰውነት የሚለውን እየሰሙ እጅን ግን ለመርፌዎቹ ማስገዛትን ነው። ስሜቱ በልምድ አይጠፋም፤ የሚለወጠው የምንሰጠው መልስ ነው።

ሥልጠናው ምን ያህል ሰዓት ይወስዳል?

የግል አብራሪነት ፈቃድ ካለዎት በኋላ ቢያንስ 40 ሰዓት የመሣሪያ በረራ (እውነተኛ ደመና ውስጥ ወይም ዐይን ተከልሎ) እና 50 ሰዓት በአዛዥነት የተደረገ የአገር አቋራጭ በረራ ይጠየቃል። አርባው ዝቅተኛው ነው። አስተማሪ ሲመርጡ እውነተኛ ደመና ውስጥ ይዞዎት የሚገባውን ይምረጡ። የሥልጠና መነጽር አድርጎ የበረረ ሰው ከጠርዙ ሥር ትንሽ ብርሃን፣ ትንሽ ጥላ ይሰርቃል፤ ሳያውቀው ይረዳዋል። ደመና ውስጥ ግን የሚሰረቅ ነገር የለም፤ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው።

የትኛውን አውሮፕላን ልግዛ?

ከአሥር በረራዎ ዘጠኙን የሚሠራልዎትን። ብዙ ሰው በዓመት አንዴ ቤተሰቡን ጭኖ ለሚሄድባት ጉዞ ሲል ትልቅና ፈጣን አውሮፕላን ይገዛና ቀሪውን ዓመት የማይበርበትን ማሽን ሲቀልብ ይኖራል። ሴስና 172 ከ44,000 በላይ ተመርቷል፤ መለዋወጫው ይገኛል፣ የማያውቀው ሜካኒክ የለም፣ ደመና ውስጥም ረጋ ያለ ነው። የፓይፐር ቼሮኪ ቤተሰብም እንዲሁ። ለመሣሪያ በረራ እርጋታ ከፍጥነት ይበልጣል፤ ፈጣን አውሮፕላን ለሐሳብ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው።

ከመግዛቴ በፊት ምን ላስመርምር?

መጀመሪያ መዝገቡን። የአውሮፕላኑ፣ የሞተሩና የፕሮፔለሩ መዝገቦች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳይቋረጡ መኖር አለባቸው። አምራቹ ወይም ባለሥልጣኑ ያወጣቸው የግዴታ ጥገና ትእዛዞች መፈጸማቸው በቀንና በፊርማ መታየት አለበት። ሲያነቡ ልብ ይበሉ፤ በዓመት 100 ሰዓት ሲበር የቆየ አውሮፕላን በድንገት ለአራት ዓመት 6 እና 7 ሰዓት ብቻ ከበረረ፣ እዚያ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ። የሞተሩ ዝገት የተጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ከዚያ መርማሪው ሜካኒክ የእርስዎ ይሁን እንጂ የሻጩ አይሁን። አውሮፕላኑን ለዓመታት የጠገነው ሰው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን የራሱን ሥራ ነው የሚያየው።

የሲሊንደር ግፊት ሙከራ ሲደረግ አጠገቡ ይቁሙ። በ80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አየር ይገባና ሲሊንደሩ ምን ያህሉን እንደያዘ ይነበባል፤ 76 በ80 ጥሩ ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ድምፁን ነው የማዳምጠው። አየሩ በጭስ ማውጫው በኩል “እስስስ” ካለ የጭስ ቫልቩ ነው፤ በአየር ማስገቢያው ካለ የማስገቢያው ቫልቭ ነው፤ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ከዚያ ከተሰማ የፒስተኑ ፋሻዎች ናቸው። አንዴ ቁጥሩ 70 የነበረ ሲሊንደር ከመፈታቱ በፊት ጥቂት ሰዓት ይብረር ተብሎ ሲመለስ 75 ሆኖ አይቻለሁ። ስለዚህ በአንድ ንባብ አይፍረዱ፤ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብተው የቫልቩን ፊት ይዩ። ጤነኛ የጭስ ቫልቭ ፊቱ ላይ ቀለሙ መሐሉን ከብቦ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ የተቃጠለው በአንድ ጠርዝ በኩል ክቡ ተበላሽቶ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታያል።

ወጪውን እንዴት ላስላ?

በሁለት ይክፈሉት፦ ቢበርም ባይበርም የሚከፈል (ሀንጋር፣ ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ) እና በሰዓት የሚሄድ (ነዳጅ፣ ዘይት፣ የሞተር ማደሻ ቁጠባ)። ሰዎች የሚረሱት የመጨረሻውን ነው። የሞተር ማደሻውን ዋጋ ለቀረው ሰዓት ያካፍሉትና በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት ያን ያህል ለብቻው ያስቀምጡ። 2,000 ሰዓት ከሚሰጠው ሞተር 1,200ው ከሄደ የሚያካፍሉት ለ800 ነው እንጂ ለ2,000 አይደለም። ለመሣሪያ በረራ ደግሞ የአሰሳ መረጃ ማደሻው አለ፤ የጂፒኤሱ መረጃ በየ28 ቀኑ ይታደሳል።

ወጪው ከከበደ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር በጋራ መያዝ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገንዘቡን ስለሚያቀል ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑ ቶሎ ቶሎ ስለሚበር። ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ አንዱ መውጣት ሲፈልግ ምን እንደሚደረግ ገና ሳትጣሉ ጻፉት።

2,000 ሰዓት ከሞላ ሞተሩ የግድ መታደስ አለበት?

ላይኮሚንግ ለኦ-360 ሞተር የሚመክረው 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፤ ቀድሞ የደረሰው። ለግል በረራ ይህ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው ሰዓቷን እየቆጠረ ይጨነቃል፣ ዓመቱን ግን ይረሳል። የእኔ ጭንቀት የተገላቢጦሽ ነው፤ 1,900 ሰዓት በስምንት ዓመት የበረረ ሞተር 500 ሰዓት በሃያ ዓመት ከበረረው የተሻለ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በእነዚህ የላይኮሚንግ ሞተሮች ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ዘይት የሚደርሰው ሞተሩ ሲዞር በሚረጨው ነው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው ውሃ ደግሞ እዚያው ውስጥ አለ። ከሳምንታት በኋላ የካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ዐይን የማያያት የዝገት ነጥብ ትወጣለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ነጥቧ ታፔቱን (ካምሻፍቱ የሚገፋውን ቁራጭ) እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች። ከዚያ በኋላ መዳኛ የለውም።

ስለዚህ “አልበረርኩም ግን በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ አስነሣዋለሁ” የሚሉ ባለቤቶችን ስሰማ በጣም አዝናለሁ፤ በደግነት እየጎዱት ነው። ውሃው ከዘይቱ ተንኖ እንዲወጣ የዘይቱ ሙቀት ቢያንስ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ መቆየት አለበት፤ መሬት ላይ በዝግታ የሚዞር ሞተር የሚያደርገው ተጨማሪ ውሃ ማምረት ብቻ ነው። ወይ ይብረሩት፣ አንድ ሰዓት ያህል፣ ወይ አይንኩት።

ባለቤት በራሱ እጅ ምን መሥራት ይችላል?

የአብራሪነት ፈቃድ ያለው ባለቤት ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ጎማ መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳትና ክፍተቱን ማስተካከል፣ ባትሪና የማረፊያ መብራት መቀየር፣ የፍሬን ዘይት መሙላት ይፈቀድለታል፤ ሠርቶ መዝገብ ላይ መጻፍና መፈረም አለበት። መጀመሪያ ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከሜካኒክ ጋር ይሥሩት።

ከሁሉ የምወደው ዘይት መቀየሩን ነው። ፊልትሮ ላለው ሞተር በየ50 ሰዓቱ ወይም በየአራት ወሩ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው። የወጣውን ፊልትሮ አይጣሉት። በፊልትሮ መቁረጫ ዙሪያውን ከፍተው የታጠፈውን ወረቀት ያውጡ፣ ጨምቀው ያድርቁትና በፀሐይ ብርሃን እጥፋቱን አንድ በአንድ ይዘርጉ። ጥቁርና እንደ ከሰል የሚፈረፈር ከሆነ ካርቦን ነው፤ ያልፋል። ከብርሃኑ ጋር ብልጭ የሚል ካለ ማግኔት ያስጠጉለት፤ ከተሳበ ብረት ነው፣ ካልተሳበ አሉሚኒየም ወይም ነሐስ ሊሆን ይችላል። ጥቂት እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር በአዲስ ሞተር ላይ ያስታግሣል፤ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ስብርባሪ ካዩ አውሮፕላኑ ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ። በመጨረሻም አዲሱን ፊልትሮ በደህንነት ሽቦ ማሰርዎን በመብራት ይዩ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው አጥፍተው ሥሩን በጣትዎ ዳስሱ።

የማግኔቶ ፍተሻ ለምን እንዲህ ይጨቀጨቅበታል?

እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው፤ ሁለቱ ማግኔቶዎች (ያለ ባትሪ የእሳት ብልጭታ የሚያመነጩ መሣሪያዎች) ለየብቻ ያቀጣጥሏቸዋል። ባትሪው ቢሞት እንኳን ሞተሩ አይቆምም። ከመነሣታችን በፊት አንዱን አጥፍተን በሌላው እናዞረዋለን፤ በሴስና 172ኤስ ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ዙር ሲዞር ቅነሳው ከ150 መብለጥ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከ50 መብለጥ የለበትም።

አንዱን ሲያጠፉ ዙሩ ጨርሶ ባይቀንስ ደስ አይበልዎት። ማግኔቶው የሚጠፋው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ አካሉ ሲገናኝ ነው፤ ሽቦዋ ከተበጠሰች ቁልፉ ተነቅሎ ኪስዎ ውስጥ እያለ እንኳን ማግኔቶው ሕያው ነው። ፕሮፔለሩን በእጁ ገፋ ያደረገ ሰው ላይ ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ከማጥፋቴ በፊት፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ፣ ቁልፉን ለቅጽበት ወደ “ጠፍቷል” አዞረውና እመልሰዋለሁ። ሞተሩ ትንፋሽ ከቆረጠ ደህና ነው። ፕሮፔለርን ሁልጊዜ ሊነሣ እንዳለ ቁጠሩት፤ ልጆች እንዲደገፉበት ከቶ አትፍቀዱ።

ለመሣሪያ በረራ ከዓመታዊው ምርመራ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

የከፍታ መለኪያው፣ የስታቲክ መስመሩ (የውጭውን አየር ግፊት ወደ መለኪያዎቹ የሚያደርሰው ቱቦ) እና ትራንስፖንደሩ (ለተቆጣጣሪው ራዳር ኮድ የሚልከው ሬዲዮ) በየ24 ወሩ ይፈተሻሉ። ቪኦአር (ከመሬት ጣቢያ አቅጣጫ የሚቀበል የሬዲዮ መሣሪያ) የሚጠቀሙ ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ ተፈትሾ መሆን አለበት፤ መሬት ላይ ሲፈተሽ እስከ 4 ዲግሪ፣ አየር ላይ እስከ 6 ዲግሪ ስህተት ይፈቀዳል። እኔ የምጨምረው የፒቶውን (የፍጥነት መለኪያው አየር የሚቀበልበትን ቱቦ) ማሞቂያ ነው። አብርተው በጣትዎ ነካ አድርገው ይሰማዎት፣ ቶሎ ይልቀቁት፣ ያቃጥላል።

ፒቶው በበረዶ ቢደፈን የሚሆነውን ማወቅ ይገባል። የፊቱና የማፍሰሻው ቀዳዳ አብረው ከተዘጉ የፍጥነት መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ ይሠራል፤ ሲወጡ ፍጥነት የጨመረ ያስመስላል። ያን አይቶ አፍንጫውን ይበልጥ ያነሣ አብራሪ ወደ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ወደሚያቆምበት ሁኔታ) ይሄዳል።

ደመና ውስጥ መሣሪያው ራሱ ቢዋሸኝስ?

ይህ ደርሶብኛል። 6,000 ጫማ ላይ፣ ነጭ ውስጥ፣ ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ሳለ ሰው ሠራሹ አድማስ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ። እጄ ሳላዘው መሪውን ወደ ግራ አደረገ። አድማሱ አልተመለሰም፣ ይባስ ብሎ ዘነበለ። የመዞር አመልካቹን ሳየው ግን ወደ ግራ እየዞርኩ ነው ይላል፤ ኮምፓሱም እየተንሳፈፈ ከእሱ ጋር ይስማማል። የቫኪዩም መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተቀምጧል። ፓምፑ ሞቷል።

በብዙ ነባር አውሮፕላኖች ሰው ሠራሹ አድማስና አቅጣጫ አመልካቹ የሚዞሩት ሞተሩ በሚያንቀሳቅሰው ቫኪዩም ፓምፕ ነው፤ የመዞር አመልካቹ ግን በኤሌክትሪክ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲተርፍ። የደረቁ ዓይነት ፓምፖች በውስጣቸው የካርቦን ምላሶች አሏቸው፤ ሳያስጠነቅቁ ይሰበራሉ። ጃይሮው ግን ወዲያው አይወድቅም፤ ዙሩ እየደከመ ለደቂቃዎች በቀስታ ይዋሻል። አደጋው ይህ ቀስታ ነው። በአንድ ጊዜ ቢገለበጥ ማንም አያምነውም ነበር።

ያን ቀን ከማስታወሻዬ ገጽ ቀድጄ የሞተውን አድማስ ሸፈንኩት። መሸፈኑ ሞኝነት አይምሰልዎት፤ ዐይን በልምዱ ተመልሶ እዚያው ይሄዳል፣ እጅም ይከተለዋል። ከዚያ ለተቆጣጣሪው ነገርኩት፣ ከደመናው በታች ሰፊ ክፍተት ወዳለበት ቦታ እንዲመራኝ ጠየቅኩ፣ ዙሬን ሁሉ በሰከንድ 3 ዲግሪ በሆነው መደበኛ ዙር እየቆጠርኩ አደረግኩ። 90 ዲግሪ ለመዞር 30 ሰከንድ ነው። እንደወረድኩ ቫኪዩሙን አስወጥቼ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ኤሌክትሮኒክ አድማስ አስገባሁ፤ አቅሙ ያለው ሁሉ እንዲያደርገው እለምናለሁ።

ሌላውም እንዲሁ ይታሰብበት። ዲናሞው ቢቆም ባትሪው የሚቆየው ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው ብለው ይነሡ፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ያጥፉ፣ ሬዲዮው ከመሞቱ በፊት ለተቆጣጣሪው ይንገሩ። ግንኙነት ከተቋረጠ ትራንስፖንደሩ ላይ የሚገባው ኮድ 7600 ነው።

ያለኝ አንድ ሞተር ነው። ደመና ውስጥ ቢቆምስ?

ሴስና 172 በተስማሚ ፍጥነቱ (በ172ኤስ 68 ኖት) በየ1,000 ጫማው 1.5 ኖቲካል ማይል ያህል ይንሸራተታል። ከደመናው በታች 1,500 ጫማ ንጹሕ አየር ካለ ሜዳ ለመምረጥ ጊዜ ይኖርዎታል፤ ደመናው መሬት የነካ ከሆነ የለዎትም። የእኔ ገደብ ከዚህ የመጣ ነው፦ ከሥሬ ያለው አገር ሁሉ በደመና የተሸፈነና ከመሬቱ ያለው ክፍተት ከ1,000 ጫማ ያነሰ ከሆነ በአንድ ሞተር አልሄድም። ሌሊትና ዝቅተኛ ደመናንም አላጣምርም። ሌሎች ጥሩ አብራሪዎች ይሄዳሉ፤ አልፈርድባቸውም። እርስዎም የራስዎን ገደብ ቤትዎ ተቀምጠው ይጻፉ፤ አየር ማረፊያ ከደረሱ በኋላ መወሰን ከባድ ነው።

በረዶን ምን ያህል ልፍራ?

በጣም። አብዛኞቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች በረዶ እንደሚይዝ ወደታወቀ አየር እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም። ሻካራ የአሸዋ ወረቀት የሚያህል አመዳይ እንኳን የክንፉን የማንሳት ጉልበት በ30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየር መጎተትን በ40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። በመስኮቱ ጠርዝ ወይም በክንፉ ደጋፊ ብረት ላይ የመጀመሪያዋን ነጭ መስመር ሲያዩ ያኔውኑ ይንቀሳቀሱ፤ ወደ መጡበት መመለስ፣ ወደሚሞቀው መውረድ ወይም ከደመናው በላይ መውጣት። “ትንሽ ልይ” ማለት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። አውቶፓይለቱን (አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራውን መሣሪያ) ያጥፉት፣ መሪው ሲከብድ እጅዎ ይወቀው። ፍጥነትዎን ከወትሮው ከፍ አድርገው፣ ፍላፕ (ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል) ለማውረድ ሳይቸኩሉ ይረፉ።

የካርቡራተር በረዶ ሌላ ነው፤ በሞቃት ቀን ይመጣል። ነዳጁ ሲተንና አየሩ ሲሰፋ ውስጡ ያለው ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ከ21 ዲግሪ በታች በሆነ እርጥብ ቀን በጣም ያሰጋል፣ በ38 ዲግሪ እንኳን ተከስቷል። ዙሩ ያለ ምክንያት ሲወርድ ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ይሳቡት። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኖ ሲያልፍ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፈርቶ ማሞቂያውን ይመልሰዋል። አይመልሱት። ይታገሡ።

ነጎድጓዳማ ደመናስ?

ቢያንስ 20 ኖቲካል ማይል ይራቁ። በታብሌት ላይ የሚያዩት የራዳር ምስል ስክሪኑ ከሚለው ዕድሜ አልፎ አልፎ እስከ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሊያረጅ ይችላል፤ በሩቅ ለመዞር ይጠቅማል እንጂ በሁለት ማዕበል መካከል ለመሹለክ አይሆንም።

ምን ያህል ነዳጅ ልያዝ?

ደንቡ እስከ መድረሻ፣ ከዚያ እስከ ተለዋጩ ማረፊያ፣ ከዚያም 45 ደቂቃ ይላል። ከመድረሻ ሰዓትዎ 1 ሰዓት በፊትና በኋላ ደመናው ከ2,000 ጫማ ወይም እይታው ከ3 ማይል በታች ይሆናል ከተባለ ተለዋጭ ማረፊያ መምረጥ ግዴታ ነው። እኔ በ45 ደቂቃ ምትክ አንድ ሰዓት ተኩል እይዛለሁ። ከእያንዳንዱ መሙላት በኋላ ከታንኩ ሥር ቀድተው ይዩ፤ 100ኤልኤል ቤንዚን ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ካለ ከሥር እንደ ብርጭቆ ዶቃ ይቀመጣል። የቀዱት ሁሉ ቀለም የለሽ ከሆነ ወይ ሙሉ በሙሉ ውሃ ነው ወይ የጄት ነዳጅ ተቀድቶልዎታል።

ማሞቂያውን ሳበራ ራሴን የሚያመኝ ለምንድን ነው?

ማሞቂያውን አሁኑኑ ያጥፉ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ፣ ቶሎ ይረፉ። ሙቀቱ የሚመጣው ከማርሚታው ዙሪያ ነው፤ ማርሚታው ከተሰነጠቀ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል። የሚጮህ መርማሪ ይግዙ፤ ቀለሙን የሚለውጠውን ካርድ ደመና ውስጥ ማንም አያየውም።

አፕሮች (ለማረፍ በመሣሪያ እየተመሩ መውረድ) ላይ እስከ ምን ያህል ዝቅ ልበል?

አይኤልኤስ (ከማኮብኮቢያው የሚላክ የማረፊያ መሪ የሬዲዮ ምልክት) በ3 ዲግሪ ያወርድዎትና ብዙውን ጊዜ ከመሬት 200 ጫማ ላይ ይወስናሉ። በ90 ኖት የመሬት ፍጥነት ሲሄዱ የመውረድ መጠኑ 90 ሲባዛ በ5፣ በደቂቃ 450 ጫማ ነው። አዲስ ሬቲንግ የያዘ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት በ200 ፋንታ 600 ወይም 800 ጫማ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። መውረድ ከመጀመርዎ በፊት ግን ዳግም የመውጫውን መንገድ ድምፅ አውጥተው ይናገሩት፤ ጉልበት ሙሉ፣ አፍንጫ ወደ ላይ፣ ወደየት፣ እስከ ስንት ጫማ። ማረፍ የሚገባው ማኮብኮቢያው ሲታይ ብቻ ነው፤ ካልታየ መውጣቱ የታቀደው በረራ ነው።

አውቶፓይለት መጠቀም ስንፍና ነው?

አይደለም። ብቻዎን ደመና ውስጥ ሆነው ካርታ ሲያነቡ ሁለተኛ እጅ ነው። ነገር ግን ከሦስት አፕሮች አንዱን በእጅዎ ይብረሩ።

ችሎታዬ እንዳይዝግ ስንት ጊዜ ልብረር?

ደንቡ በ6 ወር ውስጥ 6 አፕሮች፣ አየር ላይ ዞሮ የመጠበቅ ልምምድ፣ አንድ የአሰሳ መስመር ይዞ መከተልን ይጠይቃል። ካመለጠዎት ለማካካስ ሌላ 6 ወር አለ፤ ያም ካለፈ ከአስተማሪ ወይም ከፈታኝ ጋር ፍተሻ ነው። ሕጉን ማሟላት ግን ብቁ መሆን አይደለም። ሦስት ሳምንት ካልበረርኩ ዐይኔ ከመርፌ ወደ መርፌ ሲሄድ የሚዘገይ ሆኖ አገኘዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ብበር ለእኔም ለካምሻፍቱም ይበቃል፤ በዚያች ሰዓት ሁለት አፕሮች አደርጋለሁ፣ ለአንዱ አስተማሪዬ ወይም ሌላ አብራሪ አጠገቤ ሆኖ አድማሱን ይሸፍንብኛል።

ለወራት አልበርም። አውሮፕላኑን እንዴት ልተወው?

ዘይቱን በማቆያ ዘይት ይቀይሩ፣ አንድ ሰዓት ይብረሩት፣ ከዚያ የላይኛዎቹን ካንዴላዎች አውጥተው እርጥበት በሚመጥጡ መሰኪያዎች ይተኩ። የጭስ ማውጫውንና የአየር ማስገቢያውን ይዝጉ፤ ወፍ በአንድ ቀን ጎጆ ትሠራለች። ፒቶውን በቀይ ጥብጣብ ባለው ሽፋን ይሸፍኑ፣ ባትሪውን ይንቀሉ። ያስገቡትን መሰኪያና ሽፋን ሁሉ ቆጥረው በወፍራም ጽሑፍ ካርቶን ላይ ይጻፉና መሪው ላይ ይሰሩት። ሲመለሱ በመጀመሪያ የሚያነቡት ያን ይሁን፤ እያንዳንዱን አውጥተው መሬት ላይ በተርታ ካስቀመጡ በኋላ ቁጥሩ ከካርቶኑ ጋር እስኪገጥም ድረስ ቁልፉን አይንኩ።